የግራ እጅ ድርሻ

«የትንፋሽ መሣሪያውን ድምፅ ዘለልሽው» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንደቆሙ።

ፒያኖ ተጫዋቿ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ጠባብ ነው፤ ጊታሮቹ እስከ ጣሪያው ተሰቅለዋል፣ ከበሮዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል፣ በመካከል ባለችው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ማለፍ አይችልም። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አፍንጫቸው ጊታር ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ እንደተቀጣ ተማሪ ቆመዋል።

«አልዘለልኩም። እመጣበታለሁ።»

«ፒያኖውን አሰማሽኝ፣ ኦርጋኑን አሰማሽኝ፣ ቫዮሊኑን አሰማሽኝ። ትንፋሹ ጋ ስትደርሺ ያስነጥስሻል።»

ባለሱቋ ከመደርደሪያዋ ኋላ ሆና ሳቀች። ፒያኖ ተጫዋቿ ግን የምትስቅበት ጥርስ አልነበራትም። ከጠዋት ጀምሮ እግሯ አላርፍ ብሏታል፤ ስትቀመጥ መነሳት፣ ስትነሳ መቀመጥ ያምራታል።

ፊት ማዞሩ የባንዱ ደንብ ነው፤ ደንቡን ያወጡት ደግሞ ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ከዓመታት በፊት ባንዱ መብራቱ የሚያብለጨልጭ ስፒከር ወድዶ ገዝቶ ነበር። በሦስተኛው ምሽት ድምፁ ጠፍቶ መብራቱ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሲገዛ አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ይሰማል። «ዓይን ሲያይ ጆሮ ይተኛል» ይላሉ ጋሼ። ጆሮ ከተባለ ደግሞ ከእኚህ ሳክስፎን ተጫዋች ወዲያ በባንዱ ውስጥ የለም። አለቃ ከእሷ ጋር የላካቸውም ለዚህ ነው፤ አንጀቷን የሚያሳርራትም ይኸው ነው።

አለቃ ባንዱን የሚመራው ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ዛሬ ጠዋት፣ በሚሠሩበት ሆቴል የዕቃ መግቢያ በር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ ነገራት። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መድረኩን አሳጥሮ ጠረጴዛ ሊጨምርበት ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለአምስት ሰው ቦታ የለም፣ አራት ሁኑ ብሏል።

«ሰው ቢጎድልም ድምፅ እንዳይጎድል አስቤበታለሁ» አላት አለቃ። «ባንቺ ፒያኖ ላይ ሁለተኛ ኪቦርድ እንጨምራለን። ዋናው ነገር የትንፋሽ መሣሪያ ድምፁ ጥሩ ይሁን። ጋሼ ይረፉ።»

«ይረፉ ማለት?»

«ማለትማ ምን አለው? ከፍ ያሉት ኖታዎች ላይ ሲደርሱ በቀኝ እጅሽ የምትሞዪላቸው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ያልሰማሁ መሰለሽ? መንገዱን ያሳየሽኝ አንቺው ነሽ።»

ይህች ቃል ናት እግሯን ማረፊያ ያሳጣችው። የጋሼ የፊት ጥርስ መነቃነቅ ከጀመረ ስምንት ወር ሆነው። አፍ በደንብ ካልገጠመ ሳክስፎን አይታዘዝም፤ ከፍ ያሉት ኖታዎች አንዴ ይመጣሉ፣ አንዴ ይቀራሉ። እሷም ማንም ሳይጠይቃት፣ ኖታዎቹ ሊመጡ ሲሉ ቀኝ እጇን ወደ ፒያኖው ጫፍ እየላከች ቀዳዳውን ስትደፍን ቆየች። ለሳቸው የምታስብ መስሏት ነበር። ለካ የሳቸው ቦታ በሁለት ጣት እንደሚሸፈን ለአለቃ ስታስተምር ኖራለች።

«እሳቸውን ይዘሽ ሂጂ፣ ጆሯቸው አንደኛ ነው። ለምን እንደሆነ ግን እንዳትነግሪያቸው፤ ከልምምድ በኋላ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ» ብሎ አሰናበታት። በግ ካራጁ ጋር ይውላል ይባላል፤ ጋሼ ግን ቢላዋውን ራሳቸው እንዲመርጡ ነው የተላኩት። አለቃ ጥቂት ራመድ ካለ በኋላ ደግሞ ዞር አለና፣ «ግራ እጅሽንም ሰብሰብ አድርጊ፤ ትናንት ከቤዜ ጋር ሲጋጭ ነበር» አላት።

ግራ እጅሽን ሰብስቢ። ባንዱ ውስጥ በቆየችባቸው ስድስት ዓመታት ከሰላምታ ይልቅ ይህን ሰምታለች። የፒያኖው የታችኛው ሰፈር፣ በግራ በኩል ያለው ወፍራም ድምፅ፣ የአለቃ ነው፤ እዚያ ማንም ዝር አይልም። ቤቷ ብቻዋን ስትለማመድ እንኳ ግራ እጇ የዘፈኑን አጃቢ ኮርድ መታ አድርጎ ጭኗ ላይ ማረፍ ለምዷል።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። «ትንፋሹ እንዴት ነው?» ይላል የአለቃ መልእክት። ልምምዱ በአሥር ሰዓት ነው፤ አሁን ስምንት ተኩል አልፏል።

ገና እንደገባች ለባለሱቋ የምትፈልገውን በደንብ ነግራታለች። የራሷ የመድረክ ፒያኖ ቁልፎቹ ከባድ ናቸው፤ ለፒያኖ መልካም ነው፣ ኦርጋን ሲጫወቱበት ግን ጣት ያደክማል። ሁለተኛው ኪቦርድ ቁልፉ ቀላል፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ከፒያኖው በላይ በማቆሚያው ክንድ ላይ ሲቀመጥ የማያወዛውዝ መሆን አለበት። ፒያኖው ያለውን እንዲደግም አትፈልግም፣ ፒያኖው የሌለውን ያምጣላት። ባለሱቋ ሦስት አሳየቻት። አንዱን እሷና ባለሱቋ ተጋግዘው ከመደርደሪያ ሊያወርዱት ሲያቅታቸው ጋሼ ድምፁን ሳይሰሙ ከምርጫው አወጡት። የቀሩት ጥቁሩና ግራጫው ናቸው፣ ዋጋቸው እኩል ነው።

«እሺ፣ ትንፋሽ» አለች በመጨረሻ። መጀመሪያ ግራጫውን አሰማቻቸው።

«ይኼ የጭነት መኪና ጡሩምባ ነው። ቀጥይ።»

ወደ ጥቁሩ ዞረች። ጣቷ ምን መጫወት እንዳለበት ሲጠፋው፣ ሁልጊዜ ምሽቱን የሚዘጉበትን ዘፈን መግቢያ ጀመረ፤ የጋሼን መግቢያ። ድምፁ ከሥር ጎርነን ብሎ ተነሳ፣ ቀስ እያለ ወጣ፣ እነዚያ ስምንት ወር ያስቸገሩ ኖታዎች ጋ ሲደርስ ያለ ምንም ጭንቅ ጥርት ብሎ ወጣ። እሷ ናት የደነገጠችው። ግማሹ ላይ አቋረጠችው።

ጋሼ ዞሩ። ከመጨረሻው ኖታ በፊት ሲዞሩ አይታቸው አታውቅም።

«ይኼ ጥሩ ነው። ይኼን ግዢ።»

«ጋሼ…»

«አለቃ ባለፈው ሳምንት 'ጤናዎ እንዴት ነው?' አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ጤናዬን ጠይቆኝ አያውቅም። የዚያኑ ዕለት ገብቶኛል።»

ባለሱቋ የምትጠርገው አቧራ አገኘችና ወደ ጓዳዋ ገባች።

«እኔ ነኝ ያመጣሁብዎት። ቀኝ እጄ ባይገባ ኖሮ…»

«እሱንም ስሰማው ነበር። አመሰግናለሁ ያላልኩሽ ደስ ስላላለኝ ነው።» ጋሼ በምላሳቸው ጥርሳቸውን ነካ አደረጉ። «ጥርሱን ለማስተከል ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ሁለት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ዘፈኖቹን አንድ ድምፅ ዝቅ አድርገን ብንጫወት ማን ይሞታል? ግን አንድም ሰው፣ አንቺም ጭምር፣ 'ጋሼ፣ ምን ይሻላል?' አላለኝም። ሸፈናችሁኝ። ሰው እንደ ተሰበረ ወንበር ጨርቅ ሲደረብበት ደስ አይለውም፣ ልጄ።»

አፈረች። ማዘን ሌላ፣ ማፈር ሌላ ነው፤ ይህኛው እስከ ጆሮዋ ጫፍ ድረስ አቃጠላት።

«አልገዛውም» አለች።

«ትገዢዋለሽ። ልጅ የምታሳድጊ ሰው ነሽ። አንቺ እምቢ ብትይ ሁለት ኪቦርድ የሚጫወት ሌላ ሰው ያመጣል፤ ያኔ ሁለታችንም በር ላይ ነን። በእኔ መባረር ላይ ያንቺን አትጨምሪበት።»

ወደ ውጭ ወጣች። የእግረኛ መንገዱ ላይ ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰች፤ አንድ ጋሪ ገፊ «እህቴ፣ ወስኚ እንጂ» ብሏት አለፈ። ስልኳን አወጣችና ለአለቃ ደወለች።

«ጨረስሽ?» አለ አለቃ።

«ለምን ጋሼ? ለምን ሌላ ሰው አልሆነም?»

«ማን ይሁን? ዘፋኟ ትውጣ? ድራመሩ ይውጣ? አንቺ ትውጪ?»

«አንተስ?»

አለቃ ከልቡ ሳቀ። «ቤዝ የሌለው ባንድ የት አይተሻል? ቤት ያለ መሠረት ይቆማል? በይ፣ ሰዓቱ ሄዷል።»

ስትመለስ ባለሱቋ ከጓዳ ወጥታ ጥቁሩን ልትጠቀልል ካርቶን ይዛለች። ጋሼ እንደገና ፊታቸውን ወደ ጊታሮቹ አዙረዋል፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ለደንቡ ሳይሆን ፊታቸው እንዳይታይ ይመስላል።

«ላሽገው?» አለች ባለሱቋ። «መቼም ለትንፋሽ እሱን የሚስተካከል የለኝም። ግራጫው ጎበዝ የሚሆነው በኦርጋንና በቤዝ ነው። ግራ በኩሉ ተከፍሎ ለብቻው ቤዝ ይሆናል። አንድ ባንድ ቤዝ ተጫዋቻቸው ታሞባቸው በዚህ ሠርተው፣ ሰው ልብ እንኳ አላለም አሉኝ።»

ፒያኖ ተጫዋቿ ወደ ግራጫው ተጠጋች።

«እስቲ ግራ በኩሉን ክፈይልኝ» አለች።

ባለሱቋ ሁለት ነገር ተጫነች። ፒያኖ ተጫዋቿ ግራ እጇን ግራጫው ላይ አስቀመጠች፤ እጇ በመጀመሪያ እንደ ልማዱ መታ አድርጎ ሊሸሽ ቃጣው። መለሰችው። ከዚያ የዚያኑ የመዝጊያ ዘፈን ቤዝ ጀመረች። በየምሽቱ ጆሮዋ ሥር ሲመታ ስለኖረ ማንም ሳያስጠናት ታውቀዋለች። ቁልፎቹ ቀላል ናቸው፤ ጣቶቿ መጀመሪያ እየተደናቀፉ፣ ቀጥሎ እየተራመዱ፣ በመጨረሻም ስድስት ዓመት ቤት የተዘጋበት ሰው ደጅ ሲወጣ እንደሚሆነው ሆኑ። የተሰቀሉት ጊታሮች ክር አብሮ ነዘረ።

የጋሼ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብላ ልታቆም ስትል ሳቅ መሆኑን ሰማች።

«ማን ነው ይኼ?» አሉ ሳይዞሩ።

«ግራ እጄ ናት።»

«አላውቃትም ነበር።»

«እኔም።»

«እኔ ግን ነግሬሻለሁ፣ ጥቁሩን ግዢ ብዬሻለሁ» አሉ ጋሼ። «በኋላ ጋሼ መክረውኝ ነው እንዳትዪ።»

«አልልም» አለች፤ ለባለሱቋም ግራጫውን አሳየቻት። ጋሼ የካርቶኑን አንድ ጫፍ አንስተው፣ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚያርፉ እየቆጠሩ አብረዋት ተሸከሙ።

በአሥር ሰዓት የሆቴሉ አዳራሽ ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ነበር። ድራመሩ የከበሮውን ብሎኖች ያጠብቃል፣ ዘፋኟ ትኩስ ውኃ ትጠጣለች። ፒያኖ ተጫዋቿ ግራጫውን ከፒያኖዋ በላይ አስቀምጣ ማቆሚያውን ነቀነቀችው፤ አልተወዛወዘም።

«በይ ትንፋሹን አሰሚኝ» አለ አለቃ፣ ጊታሩን እያንጠለጠለ።

«ዘፈኑ ውስጥ ትሰማዋለህ። የመዝጊያውን ዘፈን አንድ ድምፅ ዝቅ አድርገን እንጫወተው።»

«ዝቅ ለምን?»

«እሰይ፣ ለኔም ጉሮሮ ይሻላል» አለች ዘፋኟ፤ አለቃም ከሷ ጋር ክርክር ስለማይወድ ተቀበለ።

ጋሼ ጀመሩ። ከፍ ያሉት ኖታዎች ሲቃረቡ የፒያኖ ተጫዋቿ ቀኝ እጅ ሊሮጥ ተነሳ፤ ያዘችው። ኖታዎቹ ትንሽ ትንፋሽ ቀላቅለው፣ ትንሽ ሻከር ብለው ወጡ፤ ግን ወጡ፣ የጋሼ ናቸው። ሌሎቹም ገቡ። ሁለተኛው አዝማች እስኪመጣ ጠበቀችና ግራ እጇን ግራጫው ላይ አሳረፈች።

ከአለቃ ጋር እኩል፣ ኖታ በኖታ ሄደች። አለቃ መጀመሪያ ማጉያው የተበላሸ መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ ቁልፉን ነካካ። ከዚያ ክሩን ተወው። ጣቶቹ አየር ላይ ቆመዋል፣ ዘፈኑ ግን አልቆመም። ድራመሩ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ዘፋኟ ምንም ሳታውቅ ዓይኗን ጨፍና ትዘፍናለች። መሠረቱ ወጥቶ ቤቱ እንደቆመ ነው።

አለቃ የሚንቀሳቀሰውን እጅ ፈልጎ አገኘው፤ ቀጥሎም ፊቷን አየ። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ የሚያርፍበት ያጣ ሰው ሆኖ አይታው አታውቅም። እስከ መጨረሻው ድረስ ልታስኬደው ትችል ነበር፤ እጇም ገና አልደከመም፣ እንዲያውም ጣፍጧታል። ግን ጋሼ ሱቁ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ጊታሮቹ አዙረው እንዴት እንደቆሙ ትዝ አላት።

ግራ እጇን አነሳች።

ከሥር ባዶ ሆነ። ዘፈኑ ተንገዳገደ፣ ዘፋኟ ዓይኗን ገለጠች፣ ድራመሩ ብቻውን አንድ ሁለት መታ። ከዚያ አለቃ ገባ፤ ዘግይቶ፣ አንድ ኖታ ስቶ፣ ግን ገባ። እስከ መጨረሻውም ቀና አላለም።

ዘፈኑ አለቀ። አለቃ ከልማዱ፣ «ግራ እጅሽን…» ብሎ ጀመረና አፉ ላይ ቀረ። ጊታሩን አውርዶ አስቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ይቆረጣል ብሎ በጠመኔ ያሰመረው መስመር ድረስ ሄደና ከዚያ ወደ ኋላ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጣጠመ መድረኩን መለካት ጀመረ። «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት…» አለ። «ነገ ሥራ አስኪያጁ ጋ አብረን እንገባለን። አምስት ሰው እንዴት እንደሚበቃ ግን አሳዩኝ።»

ፒያኖ ተጫዋቿ ተነሳች። ሁለቱን ኪቦርዶች ከነማቆሚያቸው ወደ ግድግዳው ገፋቻቸው፤ ስትጫወት ክርኗ ግድግዳውን ይነካል። ከዚያ የጋሼን ወንበር አንስታ፣ ከመስመሩ ወዲህ፣ የእሷ መቀመጫ በነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው።