በአባዬ ገንዳ ውስጥ የተገኙት ትሎች

ወንድሜ ሥራ ቦታ ደውሎ «አባዬ ትል አፍርቷል» ሲለኝ ደሜ ፈላ። የሰማው ሰው በቁሙ የበሰበሰ ሊመስለው ይችላል። ትሉ የታየው ግን አባዬ ዓሣዎቹን በሚያኖርበት ገንዳ ውስጥ ነው።

እናታችን ካረፈች ወዲህ አባዬ የሚኖረው ወንድሜ ቤት፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ነው። ከድሮ ቤቱ ይዞ የመጣው ያንን የመስታወት ገንዳና ዓሣዎቹን ብቻ ነው። ሄጄ ሳይ እውነትም ክር የሚያካክሉ ነጫጭ ትሎች መስታወቱ ላይ ይርመሰመሳሉ።

«ልጆቼን በትል ከማስጨርስ ዛሬውኑ እደፋዋለሁ» አለ ወንድሜ።

«ቆይ እንጂ! ምን እንደሆነ ሳታውቅ? እስከ ማታ ታገሠኝ፣ መርምሬ ልንገርህ።»

«ያንቺ ነገር! እሺ፣ እስከ ማታ።»

አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። «ዓሣዎቼ አይነኩብኝም አይደል?» አለኝ።

«ማንም አይነካብህም» አልኩት አፌን ሞልቼ።

የምሠራው ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የሰው ሰገራ ውስጥ ትል ስፈልግ ነው የምውለው። ከገንዳው ውስጥ፣ ከታች፣ ትሉን ከነአሸዋው በናሙና ዕቃ ቀድቼ ወሰድኩ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ሰውነቱ እንደ መሬት ትል በቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ ነው፤ ጎንና ጎኑ ላይ ጠጉር አለው። ሰው ሆድ ውስጥ ከሚኖሩት አንዱም እንዲህ ያለ ጠጉር የለውም። ይኼ የወዳደቀ ምግብ ለቃሚ ነው፤ ትርፍራፊ ሲበዛለት ይራባል፣ ሲያጣ ይጠፋል። አሸዋው መሃል ያለው ነጭ ነገር ላይ አዮዲን ጠብ ባደርግ እንደ ዱቄት ነክ ምግብ ሁሉ ጠቆረ። ዳቦ ነው።

ብደውል ብደውል ወንድሜ አያነሳም። ቤቱ ደርሼ የአባዬን በር ስከፍት የበረኪና ሽታ ተቀበለኝ። ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።

«እስከ ማታ አላልከኝም? አንተ ቃል የሚባል ነገር አታውቅም?» ጮህኩበት።

«ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመጡ ልገላገለው ብዬ ነው። ትል እኮ ነው፣ ምን አካበድሽው?»

«ማንንም የማይነካ ትል ነው! ዳቦ እየተጣለለት ነው የበዛው። ማነው እዚህ ዳቦ የሚጨምረው?»

«ማንም! እዚህ ክፍል የሚገባው ዳቦ የአባዬ ቁርስ ነው፤ እሱን ደግሞ ጥርግ አድርጎ ነው የሚበላው። ሳህኑ ሁልጊዜ ባዶውን ነው የሚመለሰው።»

ሁለታችንም ዞረን አየነው። የሸሚዙ አንገትጌ ከአንገቱ ርቋል። እስከ ዛሬ ሸሚዙ የሰፋ ነበር የመሰለን።

«ብቻዬን አልበላልህ አለኝ» አለ አባዬ፣ ከገንዳው ላይ ዓይኑን ሳይነቅል። «እነሱ ሲበሉ እያየሁ አንድ ሁለቴ እጎርስ ነበር።»

ወንድሜ ወደ አባዬ ጠጋ አለ። «ነገውኑ ሌላ ዓሣ እገዛልሃለሁ፣ አባዬ።»

በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

«ዓሣ?» አልኩት። «ሳሎን ያለው ጠረጴዛህ ዙሪያ አንድ ወንበር ጠፍቶ ነው ዓሣ የምትገዛለት?»