ሰማንያውን መቶ ያደረገው

መቶ ሰው ለሚይዝ አዳራሽ ሦስት መቶ የመግቢያ ካርድ የሚያድል ሰው ምን ይባላል? ሌላ ቦታ አጭበርባሪ ይባላል። በዚህ ሆስፒታል የመረጃ ክፍል ኃላፊ ይባላል።

በዚያው ክፍል የመረጃ ማከማቻውን የምትጠብቀው ባለሙያ ስሌቱን አሳምራ ታውቀዋለች። ባልደረቦቿ «ነገረኛዋ» ይሏታል። ዲስኮቹ ተደምረው መቶ ቴራባይት ይይዛሉ፤ ኃላፊው ለየክፍሉ ያደላቸው ሦስት መቶ ነው። ይህ ብቻውን ነውር አይደለም። ሁሉም የተሰጠውን በአንድ ቀን አይሞላምና ብዙ ቦታ ይሠራበታል። ግዴታው አንድ ነው፤ ከእውነተኛው ዲስክ ላይ ዓይን አይነቀልም። ለዚህም የዲስኩ ሙሌት ሰማንያ በመቶ ካለፈ በየማለዳው ስልኳ ላይ የሚጮኽ ማንቂያ አበጅታ ነበር።

ማንቂያው መጮኽ ጀመረ። ዲስክ ይገዛ ብላ ሦስት ደብዳቤ ጻፈች።

«አንቺ ደግሞ ሳይነኩሽ ታለቅሻለሽ» አላት ኃላፊው። «የራጅ ክፍሉን ኮምፒውተር እስቲ እዪው፤ ግማሹ ባዶ ነው።»

«እሱ የሚያሳየው የሰጡትን ቃል ነው፤ ዲስኩን አይደለም።»

«በቃል ስንቱን ዘመን ኖረናል» ብሎ ሳቀ።

ወዲያው ያሳደገቻት አክስቷ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ልታስታምማት ፈቃድ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ማንቂያው ዝም አለ። ነገረኛዋ ተንፈስ አለች፤ ዲስኩ ተገዛ፣ ደብዳቤዬም ሰሚ አገኘ ብላ። ያመነችው ዝምታን ነበር። ስህተቷም ይኸው ብቻ ነው።

ረቡዕ ረፋድ አክስቷን እዚሁ ሆስፒታል ራጅ አስነሣቻት። አራት ሰው ተሸክሞ አገላበጣት፤ አሮጊቷ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ሐኪሙ ምስሉን ሲፈልገው የለም። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ የዚያን ቀን የሠላሳ አንድ ሰው ምስል ሳይቀመጥ ቀርቷል።

«ልጄ፣ እንደገና ሊያገላብጡኝ ነው?» አለች አክስቷ።

ነገረኛዋ በቀጥታ ወደ ቢሮዋ ሄዳ የማንቂያውን መዝገብ ከፈተች። ሰማንያው መቶ ተደርጓል። ቤቱ ነዶ ካለቀ በኋላ «እሳት» የሚል ማንቂያ! የተለወጠው እሷ ፈቃድ በወጣች በሦስተኛው ቀን፣ በኃላፊው የይለፍ ቃል ነው።

አርብ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ኃላፊው አንድ ወረቀት ዘረጋላት። «ችግሩ በባለሙያዋ የክትትል ጉድለት የደረሰ ነው» ይላል።

«ፈርሚና እንገላገል፤ እኔም አልጨክንብሽም» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ብዕሩን ተቀበለችው። ከዚያ ፊቷን ወደ አዳራሹ አዞረች።

«እፈርማለሁ። አክስቴ ዛሬ ጠዋት ሁለተኛ ተገላብጣለች፤ ሠላሳው ሰው ደግሞ ውጭ ወረፋ ይዟል። አስቀድመው ግን እዚሁ፣ በሰው ፊት ይመልሱልኝ። ሰማንያውን መቶ ያደረገው ማን ነው? ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት፤ በሩ ተከፍቷል፣ ወረፋ የያዙትም ይስሙ።»