ያበጠው ኮርኒስ

«ኡምኩልሱም አባቷን ፍሪጅ ውስጥ ልታስገባቸው ነው» ይሉ ነበር ጎረቤቷ እትዬ ዝናሽ። ወፍጮ ቤት አሉት፣ ገበያ አሉት፣ ለቅሶ ቤትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አሉት። «ወይ ጉድ! መካነ ሰላም ብርዱ አንሶን ነው ማቀዝቀዣ የሚገጠምልን?»

«እትዬ፣ ማሽኑ ያሞቃልም። ካላመኑ እርስዎን አስቀድሜ ላስገባዎት» ብላቸዋለች። ወሬው ግን አልቆመም።

የጨነቃት ወሬው አይደለም። የአባቷ የሸህ አሕመድኑር ደረት የከሰል ጭስ አልችል ብሏል፤ ያለ ከሰል ደግሞ የታኅሣሥ ውርጭ አይገፋም። ደሴ የሚኖረው ወንድሟ ሙጀሂድ በስልክ ቁርጡን ነግሯታል፦ «ጁምዓ ስመጣ እዚያ ክፍል ከሰል ካየሁ፣ አባን ይዣቸው እሄዳለሁ።» ሸሁ ኪታብ ከሚያስቀሯቸው ደረሶቻቸውና ከመስጊዳቸው ተነጥለው ደሴ ላይ የሶፋ ጥግ ሊጠብቁ ነው። አልሄድም ብለው አልተከራከሩም፤ ኪታቦቻቸውን ግን እየጠቀለሉ መልሰው ይፈቱ ጀመር።

ማሽኑን ያገኘችው ከአንድ ፈራሽ ሆቴል ነው። አገጣጠሙን ማንም አላሳያትም፤ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያስቆመች፣ እየመለሰች ራሷን አስተማረች። ደግነቱ፣ እንደሌሎቹ ሰፋፊ የቆርቆሮ ቱቦ አይፈልግም። አየሩን በኃይል ስለሚገፋው ክንድ የሚያህል ተጣጣፊ ቱቦ ይበቃዋል። ቤቱ የአያቷ ዘመን የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳውን ልብጣው ቢሉ ከነማገሩ ይናዳል። ስለዚህ ቱቦዎቹን ከጣሪያው ሥር፣ ከኮርኒሱ በላይ አሳለፈቻቸው። ኮርኒሱ ደግሞ የተሰፋ ማዳበሪያ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ማሽኑን አስነሳችው። እትዬ ዝናሽ ሊታዘቡ ቀድመው ተቀምጠዋል። ማሽኑ አጓራ፤ ከአየር መውጫው ግን ትንፋሽ የሚያህል እንኳ አልመጣም። ይልቅ ኮርኒሱ ሆዱን እንደነፋው በሬ አበጠ፣ አበጠና ስፌቱ ተተረተረ። የስንት ዘመን ጥቀርሻ፣ ጭድና የአይጥ ጎጆ በሸሁ ጥምጣም ላይ ወረደ።

«ላ ኢላሀ ኢለላህ!» አሉ ሸሁ፤ ከጥላሸቱ መሀል ዓይናቸው ብቻ ይታያል። «ልጄ፣ ማሞቂያው ይሄ ነው?»

«እኔ ፍሪጅ ነው ስል፣ ለካ ወፍጮ ኖሯል!» አሉ እትዬ ዝናሽ።

ኡምኩልሱም ማሽኑን አጥፍታ፣ መሰላል አቁማ፣ ጭንቅላቷን በተቀደደው ኮርኒስ አስገባች። ቱቦዎቹን ያያያዘችበት ፕላስተር አቧራው አላስይዝ ብሎት ተላቋል፤ አየሩ ሁሉ እዚያው ይፈስሳል። ሌላ ማያያዣ ከደሴ እስኪመጣ ሙጀሂድ ይቀድማል። መሰላሉ ላይ እንደቆመች እንባዋ መጣ፤ ጥቀርሻ ገባብኝ ብላ ዓይኗን ጠረገች።

«ምን ሆነ?» አሉ እትዬ ዝናሽ ከታች።

«መጋጠሚያው ለቀቀ።»

«በምን አስረሽው?»

«በፕላስተር።»

«ኤዲያ! ሞፈር በፕላስተር ሲታሰር የት አየሽ?»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሲመለሱ የባላቸውን የእርሻ ጠፍር፣ ረጅሙን የቆዳ ማሰሪያ፣ በባልዲ ውሃ ነክረው ይዘዋል። «እርጥቡን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው። እየደረቀ ይሰበሰባል፤ እንኳን ነፋስ በሬ አይፈታውም። ለባሌ ግን እንዳትነግሪ!»

እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጠፍር ጠመጠመችው። ማሽኑን ስታስነሳው ኮርኒሱ ፀጥ አለ፤ ከመውጫው ሞቅ ያለ አየር ፏ ብሎ የሸሁን ጢም ወደ ጎን አስተኛው።

ጁምዓ ሙጀሂድና ሚስቱ ባሲማ ደረሱ። ሸሁ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረሶቻቸውን ያስቀራሉ፤ ሳል የለም። ሙጀሂድ ጥግ ጥጉን በዓይኑ በረበረ።

«ምድጃውስ?»

«ዶሮዋ ታቅፋበታለች» አለች ኡምኩልሱም።

«አባ፣ እውነት ተስማምቶዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ! ለደሴ ሰዎች ሰላም በሉልኝ» አሉ ሸሁ፤ ኪታባቸውን ገለጡና ማስቀራታቸውን ቀጠሉ።

ኡምኩልሱም ከስንት ቀን በኋላ በረጅሙ ተነፈሰች። ባሲማ መዳፏን ወደ አየር መውጫው ዘረጋች።

«እሰይ! ምናለ ለእኛም ብትገጥሚልን፤ ደሴ እኮ ማታ ማታ የምንሞቀው ከሰል ነው።»