ለጠላት የሚሰጥ ፊልም

«ቆይ፣ ቆይ! ገዳዩ ማነው ያልሽኝ?» አለ ነስረዲን፣ የጎረሰውን ቂንጬ ሳይውጥ።

«ሐኪሙ» አለች ዘሀራ። «መጀመሪያ ላይ ልጅቷን ያዳናት ሐኪም።»

«እና ይታያል?»

«እየበሉ ይታያል። ደሙ በዛ እንጂ አያስፈራም። ሰው የሚፈራው በሩ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ እነዚህ ግን ገና እጀታው ሳይነካ ሙዚቃውን ይለቁታል።»

ነስረዲን ማንኪያውን አስቀምጦ የመጨረሻውን ነገር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ ደገመው። እንዳይረሳውም ሁለተኛ ጊዜ አስባላት። ውጭ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሱ ግን ሠርግ እንደተጠራ ሰው ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ተሰናድቷል። ዛሬ ረፋድ ላይ የሬድዮ እንግዳ ነው። ሰሞኑን ከመጡት ፊልሞች የትኛው እንደሚታይ፣ የትኛው እንደማይታይ ለአሰላና ለአካባቢዋ ሕዝብ ይናገራል።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገርና፣ ነስረዲን አንድም ፊልም እስከ መጨረሻው አይቶ አያውቅም። ሥራው መናኸሪያው አጠገብ ባለች ሱቁ ተቀምጦ ሰው ባመጣው ፍላሽና ሜሞሪ ላይ ፊልም መጫን ነው። ማታ ቤቱ ገብቶ አንዱን ከፈት ሲያደርግ ግን፣ ተዋናዮቹ ገና ሳይተዋወቁ እሱ ያንኮራፋል። የተጋቡ ሰሞን ዘሀራ ትስቅበት ነበር። ጠዋት ቁርስ ላይ ታሪኩን ትነግረዋለች፤ እሱም ሱቅ ሄዶ ለደንበኛ ያወራል። በቀልድ ነው የተጀመረው። ደንበኛው ግን «ነስሩ ይታያል ካለ ይታያል» ማለት አመጣ፤ ከጮሌና ከኦጎልቾ ለገበያ የሚመጣው ሰው ሳይቀር ነስሩ ያልመረጠውን ፊልም ይዞ መመለስ ተወ።

ዘሀራ ደግሞ ልጇን ነቢላን ታቅፋ፣ ሽሮ እያማሰለች፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልኳ የጦርነቱንም፣ የሕንዱንም፣ የኮሪያውንም፣ አስፈሪውንም ስታይ ትውላለች። ሦስቱን ማዕረጎች ያወጣቻቸው እሷ ናት፤ «ይታያል»፣ «እየበሉ ይታያል»፣ «ለጠላት ስጠው»። ዛሬ ሱቁ መስታወት ላይ በቀይ ቀለም ተጽፈዋል፤ ከበላያቸው በትልቁ «ነስሩ ፊልም» ይላል። ከተማው ውስጥ ባጃጅ ነጂው ሁሉ፣ የተበላሸ ምግብ ሲቀርብለት እንኳ፣ «ለጠላት ስጠው፣ ነስሩ እንዳለው» እያለ ይስቃል።

ትናንት እራት ላይ ዘሀራ አንድ ነገር ለምናው ነበር። «አብሬህ ልምጣ አላልኩም» አለችው። «ስሜን ብቻ ጥራልኝ። ከባለቤቴ ከዘሀራ ጋር ነው የምናየው በል። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አብደሻል እንዴ?» አለ ነስረዲን። «ለካ ሚስቱ ናት የምታይለት ብለው ይሳቁብኝ? ሰው ምን ይለኛል? ደግሞስ የሚስት ስም ሬድዮ ላይ ምን ይሠራል!»

ከዚያ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞረው። ዘሀራ ሳህኑን አነሳች፤ አንጀቷ ግን አርሮ ነበር። ስንት ዓመት ዓይኗ እስኪቀላ አይታለት፣ የጠየቀችው ስሟን ብቻ ነው።

«ሦስት ሆነ» አለ አሁን፣ በጣቱ እየቆጠረ። «የጦርነቱ ይታያል። አስፈሪው እየበሉ። የሕንዱ ለጠላት። አራት ፊልም ነው ያሉኝ፤ አራተኛው የታለ?»

አራተኛ ፊልም አልነበረም። ዘሀራ ሰሞኑን ነቢላ አተኩሷት ከሦስቱ ሌላ አላየችም። እሱንም ልትነግረው አፏን ከከፈተች በኋላ ሌላ ነገር መጣላት።

«አንድ ልብስ ሰፊ አለ» አለች። «የሠርግ ልብስ ነው የሚሠራው። ከተማው ሁሉ እጁን ይባርክ ይለዋል። የሚሰፋው ግን እሱ አይደለም። እሱ ሱቁ ውስጥ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይቆማል፤ የምትሰፋው ቤት ያለችው ሚስቱ ናት። ማንም አያውቅም።»

«እሺ» አለ ነስረዲን፣ ሻይ እየቀዳ።

«አንድ ቀን ሊሸልሙት ይጠሩታል። ሚስትየው ስሜን ጥራልኝ ትለዋለች። እምቢ ይላታል።»

ይህን ብላ ፊቱን አየችው። አንድ ነገር፣ ደንገጥ ማለት፣ ቅንድብ ማንሳት፣ ትንሽ ማፈር ጠበቀች። ነስረዲን ስኳሩን አማሰለ።

«መጨረሻውስ?»

«ሴትየዋ መርፌዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትወጣለች። አለቀ።»

«ይኸው ነው? አይጣሉም? አይታረቁም? ከየት አገር ነው?»

«ሩቅ አይደለም።»

«ርዕሱስ?»

«ፋይሉ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።»

«እሺ፤ ይታያል?»

«እሱን ዛሬ አንተ ፍረድ» አለች ዘሀራ።

ነስረዲን ሳቀና ጃኬቱን አነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ በመስኮቱ መስታወት ፀጉሩን አስተካከለ። እሷ በበኩሏ ከራሷ ጋር ስትነጋገር ነበር፦ ከገባው፣ ለዚያች ልብስ ሰፊ አንዲት ደግ ቃል ከተናገረላት፣ ስሜን ባይጠራም እተወዋለሁ፤ ሁለተኛ አላነሳበትም። ለሴትየዋ ማዘን ምን ያቅተዋል? በዝናቡ ውስጥ ጋሪ ሲያስቆም ከኋላው እያየችው፣ ተስፋ ማድረጓ ራሷን አናደዳት።

ነቢላን ለጎረቤቷ ለአልጣሽ ትታ ሱቁን የከፈተችው እሷ ናት። ገበያ ቀን ስለሆነ ሰው ብዙ ነበር፤ ዝናቡም ደጅ የቆመውን ሁሉ ወደ ውስጥ ገፍቶታል። ከሁሉ ቀድመው የገቡት ኦቦ ቱሳ ናቸው፤ የጮሌ ገበሬ፣ የሱቁ የጥንት ደንበኛ። ፍላሻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከውስጥ ኪሳቸው አወጡ።

«ነስሩ የለም እንዴ?»

«ሬድዮ ጣቢያ ሄዷል፣ ኦቦ ቱሳ። እኔ ልጫንልዎት፤ ምን ዓይነት ይሁን?»

«ልጆቹ ጦርነት ይላሉ፤ እናታቸው ሕንድ ትላለች።»

«የጦርነቱን ይውሰዱ። ሲተኩሱ አይደለም የሚያስለቅሰው፤ ወታደሩ የጓደኛውን ሞት ለእናትየው እንዴት እንደሚነግር ብቻውን ሲለማመድ ነው። የሕንዱን ይተዉት። ዘፈኑን ቢያወጡለት ታሪክ የለውም።»

ኦቦ ቱሳ በደግነት ፈገግ አሉ። «ጎበዝ ነሽ። ግን፣ ማሎ፣ እባክሽ አትቀየሚኝ። ከዚህ እስከ ጮሌ ተሸክሜው ሄጄ ለጠላት ከሆነ ልጆቼ ይስቁብኛል። ነስሩ በሬድዮ ይንገረኝ፤ እጠብቃለሁ።»

ወንበር አቀረበችላቸው። ምን ታድርግ? ሽማግሌ ናቸው፣ ክፉም አልተናገሯትም። ሬድዮው ከደጅ ባለው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዟል፤ ነስረዲን ትናንት ራሱ ነው ያያያዘው። ሰዓቱ ሲደርስ የአዘጋጁ የትንሳኤ ድምፅ መንገዱን ሞላው፤ «የፊልሙ ዓይናችን፣ የአሰላው ነስሩ!» እያለ አስተዋወቀው። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው አጨበጨበ።

ነስረዲን አላሳፈረም። የጦርነቱን ፊልም ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲተኩሱ አይደለም የሚያስለቅሰው» አለ፤ «ወታደሩ የጓደኛውን ሞት ለእናትየው እንዴት እንደሚነግር ብቻውን ሲለማመድ ነው።»

ኦቦ ቱሳ ጉልበታቸውን መቱ። «አየሽ! ይህን ነው የምልሽ! ይህ ሰው ዓይን አለው!» ከዚያ ትዝ አላቸውና ወደ ዘሀራ ዞሩ። «ለካ አንቺም ከእሱ ሰምተሽ ነው የነገርሽኝ!»

«አዎ» አለች ዘሀራ። ምን ትበል?

አስፈሪውና የሕንዱ አለፉ። በሩ ከመከፈቱ በፊት የሚለውን ሳይረሳ ተናገረ፤ ትንሳኤም «ኧረ ይህን ጻፉልኝ!» ብሎ አደነቀ። ዘሀራ ገመድ እየሰካች፣ እየነቀለች፣ ጆሮዋን ጥላ አራተኛውን ጠበቀች።

«አራተኛው ‹ባለ መርፌዋ› ይባላል» አለ ነስረዲን።

ርዕሱን ከየት እንዳመጣው እሱ ይወቅ። የልብስ ሰፊውን ታሪክ እሷ እንደነገረችው አወራው፤ መጋረጃም ጨመረበት፣ የሚያለቅስ ሕፃንም ጨመረበት።

«እና ይታያል?» አለ ትንሳኤ።

«ለጠላት ስጠው!» አለ ነስረዲን አፉን ሞልቶ። «አንዲት ሴት ቤቷ ቁጭ ብላ ጨርቅ ስለሰፋች ስሜ ይጠራ ትላለች። ቆይ፣ ደንበኛውን ማን አመጣው? የሱቁን ኪራይ ማን ከፈለ? ሰውየው አልመታት፣ አላስራባት። ምን ጎደላት? ጥጋብ ነው እንጂ!»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ዘሀራ እጇ ላይ ያለው ፍላሽ ወደቀ።  አልገባውም ማለት አልቻለችም። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ተናግሮ እንዴት አይገባውም? ካልገባው ይባስ ነው፤ አጠገቧ ተኝቶ፣ ከእጇ በልቶ፣ አንድም ቀን አላያትም ማለት ነው።

«እኔም ሳየው እንደዚሁ ነው የተሰማኝ!» አለ ትንሳኤ። «ሴትየዋ ታናድዳለች። እስቲ ስልክ እንቀበል።»

የደወለው ሰው ከዴራ ነው። «ፊልሙን ሁለቴ አይቼዋለሁ» አለ፣ ኮስተር ብሎ። «ነስሩ ትክክል ነው። ግን መጨረሻው ላይ ባሏ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ስትጠይቀው፣ ወላሂ አልቅሻለሁ።»

«እሱስ ልክ ነህ፤ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ማን ልቡን ያጠነክራል?» አለ ነስረዲን፤ ጭራሽ ተስማማለት።

ወይ ጉድ! ሦስት ወንዶች ያልተሠራ ፊልም አይተው፣ ተናደውና አልቅሰው፣ ሴትየዋን መልሰው እግር ላይ ጣሏት። ዘሀራ ስልኳን ስታነሳ አላሰበችበትም። ቁጥሩን ሬድዮው ደጋግሞ ሲናገር ይዛዋለች። 

«ኦቦ ቱሳ፣ ሬድዮውን ይቀንሱልኝ» አለች።

«ሄሎ፣ አየር ላይ ነዎት!» አለ ትንሳኤ።

«ስለ ልብስ ሰፊዋ ፊልም ነበር» አለች ዘሀራ።  «መጨረሻው እንደዚያ አይደለም። እሷ ማንንም ይቅርታ አትጠይቅም።»

«አይተውታል ማለት ነው?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ።»

 ትንሳኤ ሳቀ። «ዛሬስ የፊልሙ ባለቤት ደወሉልን! ማን እንበል፣ ስምዎ?»

ዘሀራ ትንፋሽ ወሰደች።

«መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ» አለ ነስረዲን። ፈጠን ብሎ ነው የተናገረው። «ትንሳኤ፣ አድማጮቻችንን አንድ ዘፈን ብንጋብዛቸው?»

መስመሩ አልተቋረጠም ነበር። ሬድዮው ላይ ክራር ሲጀምር፣ በስልኳ ውስጥ የስቱዲዮው ወሬ ይሰማታል። ትንሳኤ «ታውቃታለህ እንዴ?» ሲል ሰማችው። ባሏም፣ «ከየት አውቃታለሁ! ሥራ ፈት ናት። እንዲህ እያሉ የሚደውሉ አሉ» አለ።

ሱቁ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ኦቦ ቱሳ እጃቸው የሬድዮው ቁልፍ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ ዓይናቸው ከዘሀራ ፊት ወደ መስታወቱ ቀይ ጽሑፍ፣ ከዚያም ወደ ዘሀራ ይመላለሳል። ፍላሹን የያዘው እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ኪሳቸው ተመለሰ። ዘሀራ ይህን አየች። አንድ ቃል ብትናገር ነገ ይህ ሱቅ ማንም እንደማይገባበት፣ ነቢላ የምትበላውም ከዚሁ ሱቅ እንደሚወጣ ከማንም በላይ ታውቃለች። መንደሩም ባሏን ያዋረደች ሴት ይላታል እንጂ ተበደለች አይላትም።

«ሄሎ?» አለ ትንሳኤ፣ አሁን ለእሷ ብቻ። «አሉ እንዴ? የመስመሩ መብራት እኮ አልጠፋም።»

«አለሁ።»

«ከዘፈኑ በኋላ አየር ላይ ልመልስዎት?»

ወንበር ሲንሸራተት፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማት። ከዚያ የነስረዲን ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ለእሷ ብቻ የሚናገር።

«ዘሀራ» አለ። «ዘሀራዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። ዘሀራ፣ ትሰሚኛለሽ?»

ሦስት ጊዜ ጠራት። ማንም አልሰማውም። ሬድዮው ላይ ዘፋኙ የመጨረሻውን ግጥም ጀምሯል።

«ስልኩን ለትንሳኤ መልስለት» አለችው ዘሀራ፤ እና ክራሩ እስኪያበቃ ጠበቀች።