ሁለት ኩባያ ውሃ ለዘጠኝ እንቁላል

እኔና ወንድሜ ስምንት ወር ሙሉ የተነጋገርነው በዳክዬ በኩል ነው። ዳክዬው ወንድ ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ስለሚራመድ እናታችን በሕይወት ሳለች ሻምበል ብላ ሰይማው ነበር። ለወንድሜ የምለው ነገር ሲኖረኝ ግቢው መሃል እቆምና «ሻምበል፣ ቧንቧ ሳይዘጉ የሚሄዱ ሰዎች አሉ» እላለሁ። እሱም ከራዲዮ መጠገኛ ክፍሉ ሳይወጣ «ሻምበል፣ ልብስ ሰፊዎች መርፌያቸውን ከመሬት ቢለቅሙ እግራችን ይተርፍ ነበር» ይላል። ዳክዬው ሁለታችንንም ይሰማል፤ ለአንዳችንም አያዳላም። ሰው ቢሆን ጥሩ ሽማግሌ ይወጣው ነበር።

የተጣላነው በዶሮ ነው። እናታችን ስትሞት አንድ ግቢ፣ ሁለት ዳክዬና ስምንት አንገተ መላጣ ዶሮዎች ትታልን ሄደች። የዶሮዎቹን ዘር ከእናቷ ተቀብላ አርባ ዓመት ሙሉ ሳታቋርጥ ያስፈለፈለችው ነው። ከደረታቸው እስከ ጭንቅላታቸው ላባ የሚባል የለም፤ ለማያውቃቸው ሰው ግማሽ ተነጭተው ያመለጡ ይመስላሉ። እሷ ግን ከልጆቿ እኩል ትሳሳላቸው ነበር፤ አንዳንዴም ታስበልጣቸው ነበር።

ከሞተች ወር ሳይሞላት ወንድሜ አምስት ነጫጭ ቄቦችና አንድ ነጭ አውራ ዶሮ ገዝቶ መጣ። አዲስ ዶሮ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቀመጣል፤ በሽታ ይዞ እንደሆነ እስኪታወቅ። ይህ የእናታችን ደንብ ነው፣ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ነጮቹ ግን በመጡበት ቀን ከእኛዎቹ ጋር አንድ ቆጥ ላይ አደሩ። በሳምንቱ የእኛዎቹ ማነጠስ ጀመሩ፣ ዓይናቸው አበጠ፣ ከስምንቱ ሰባቱን ቀበርን። ነጮቹ ምንም አልሆኑም። እኔም ጎረቤት በተሰበሰበበት «የእናቴን ዘር ፈጀኸው!» ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፍቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመላላክ ሥራው በሻምበል ላይ ወደቀ።

የተረፈችው ዳኛዋ ነበረች። ሁለት ዶሮ ሲጣላ መሃል ገብታ ሁለቱንም ስለምትነቁር ነው ይህን ስም ያገኘችው። አርጅታለች፤ እንቁላል መጣሉንም ትታ ነበር። አንድ ቀን ሳይታሰብ እንደገና ጀመረችና ዘጠኝ ጣለች፣ ታቀፈችም። እኔ በደስታ የምሆነውን አጣሁ። በአምስተኛው ቀን ጥሬ ይዤላት ስሄድ ግን ጎጆዋ ላይ እንዳለች ሞታ አገኘኋት። እንቁላሎቹ ገና አልቀዘቀዙም።

ነጮቹ ላይ ተስፋ የለኝም፤ እንቁላል መጣል እንጂ መታቀፍ ሲፈጥራቸውም አልፈጠረባቸው። ሴቷ ዳክዬ ደግሞ የራሷንም ረግጣ የምትሰብር ናት። ዘጠኙን በቀሚሴ ታቅፌ ግቢው መሃል ቆምኩ። «ሻምበል» አልኩ፣ «እነዚህ ከቀዘቀዙ የእናታችን ዘር አለቀ።»

ሰዓት ሳይሞላ ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ አንድ የድሮ ትልቅ የራዲዮ ሣጥን አመጣ። አንጀቱን አውጥቶ አምፖል አስገብቶበታል፤ ቴርሞሜትር አለው፣ ፊቱ መስታወት ነው፣ ሥሩ ደግሞ አየሩ እንዳይደርቅ ስፖንጅ የተነከረበት ቆርቆሮ ተቀምጧል። ለእጁ ሥራ እንከን አይወጣለትም፣ ያ የእናቴ ልጅ። «ሻምበል፣ ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ተኩል ላይ ይቆያል» ብሎ ሄደ።

ማን እንደሚጠብቃቸው አልተነጋገርንም። እኔ እንቁላል አጠባበቅ ላይ የእሱን እጅ አላምንም ነበር። ስለዚህ በየማለዳው ወደ ስፌት ቤቴ ከመሄዴ በፊት እንቁላሎቹን አገላብጬ፣ ስፖንጁ ላይ አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ አፈስ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። ያሉት ሰዎች በየማለዳው ሣጥን ሥር ተንበርክከው ቢያውቁ ቀስ በቀስ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ይነግሩን ነበር።

የተንበረከከ ሰው ደግሞ ማሰቡ አይቀርም። እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፦ ነጮቹን ከእናቴ ዶሮዎች ጋር የቀላቀልኳቸው እኔ ነኝ። ወንድሜ በደንቡ መሠረት ዕቃ ቤት ዘግቶባቸው ወጥቶ ነበር። አመሻሽ ላይ ዝናብ መጣ፣ ዕቃ ቤቱ ያፈሳል፣ ጩኸታቸው አንጀቴን በላው። አንድ በአንድ ተሸክሜ ከእኛዎቹ ጋር ከተትኳቸውና የዶሮ ቤቱን በር በገመድ አስሬ ገባሁ። ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናሉ አልኩ። ጠዋት ወንድሜ «ሳልቀረቅረው ወጥቼ ነው» እያለ ራሱን ሲረግም ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ዶሮዎቹ ሲሞቱ ዝም ማለቱም አልበቃኝ፣ ጮህኩበት። ሌባ እናት ልጇን አታምንም የሚባለው ለእኔ ነው።

ዳኛዋ ከታቀፈቻቸው በአሥራ ሰባተኛው ቀን መኖ ሻጩ ከረጢት ሊያደርስ መጣ። በዶሮ ነገር እሱን የሚያህል ሰው ስለሌለ እንቁላሎቹን እንዲያይልኝ ለመንኩት። አንዱን አንስቶ ከኋላው የእጅ ባትሪ አበራበት፣ ሌላውንም፣ ሌላውንም። ፊቱ ተለወጠ።

«እዚህ ወፍራሙ ጫፍ ላይ የአየር ቦታ አለ፣ ታያለሽ? እስከ አሁን መስፋት ነበረበት። ውሃ በዝቶባቸዋል። ጫጩቷ ልተንፍስ ስትል እዚያው ቅርፊቷ ውስጥ ትሰጥማለች። ስንት ነው የምታጠጪው?»

«በቀን አንድ ኩባያ።»

«አንድ ኩባያ ይሄን አያደርግም። ሌላ ሰው ይነካዋል?»

ዓይኔ ወደ ራዲዮ መጠገኛው ክፍል ሄደ። መኖ ሻጩ እስከ ሃያኛው ቀን ጠብታ እንዳይጨመር አስጠንቅቆ ሄደ።

ሻምበል ደጅ ነበር፣ ጭቃ ውስጥ። ልጠራው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በአሽሙር ብናገር ወንድሜ የራሱን አሽሙር ይመልሳል፣ በዚያ መሃል የእናቴ ዘር ይሰጥማል። በሩ ድረስ ሄድኩ። ጎንበስ ብሎ ሽቦ ይበይድ ነበር።

«ውሃ አትጨምር» አልኩት።

የመበየጃውን ብረት አስቀመጠ። በቀጥታ ሳናግረው ደነገጠ መሰለኝ።

«አንቺም ትጨምሪ ነበር?»

«ጠዋት ጠዋት። አንድ ኩባያ።»

«እኔም ማታ ማታ። አንድ ኩባያ።» ራሱን አከከ። «ተናደሽ የተውሽው መስሎኝ ነው እኮ።»

ሲበዛ ማርም ይመራል። አብረን ሄደን ስፖንጁን አወጣን፣ ቆርቆሮውን አደረቅነው። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም፤ ቢሆንም ሻምበልን አላስቸገርነውም።

ሃያ አንደኛው ቀን ምንም ሳይታይ አለፈ። በሃያ ሁለተኛው ጠዋት ሁለት ጫጩቶች ወጡ፤ ሁለቱም አንገታቸው ድረስ ላባ የለበሱ፣ የነጩ አባታቸው ልጆች። ቀጥሎ አንድ እንቁላል ተሰነጠቀና እዚያው ላይ ቆመ። ከስድስቱ ድምፅም አልተሰማ። ስፌት ቤቴን ሳልከፍት ዋልኩ። እሱም ሥራውን ትቶ መጣና ኮሪደሩ ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስንጥቁ አይሰፋም። እናቴ ስትሞትም እንዲህ ነበር የተቀመጥነው። በዚያ ሰዓት ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገር ገባኝ።

«ነጮቹን የቀላቀልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

ዓይኑን ከመስታወቱ አላነሳም።

«ዶሮ ገብታ በሩን ከውጭ አታስርም፣ እትዬ» አለ።

እትዬ ካለኝ ስምንት ወር ሆኖት ነበር።

«ታውቅ ነበር?»

«መጀመሪያ እኔ የረሳሁ መስሎኝ ነበር። በኋላ ገመዱን ልፈታ ስል ቋጠሮው እንቢ አለኝ። የልብስ ሰፊ ቋጠሮ ነው። በመቀስ ነው የቆረጥኩት።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ፊት ስጮህብህ ለምን ዝም አልክ?»

«እማማ ከሞተች ገና መቼ ሆናት። የምትጮሂበት ሰው ፈልገሽ ነበር፤ እኔ ቅርብ ነበርኩ።» መስታወቱን በእጅጌው ወለወለና «ስምንት ወር ግን በዛ» አለ።

አለቀስኩ። እሱ እንዳላየ ሆኖ የአምፖሉን ሙቀት ያስተካክል ጀመር፤ ሙቀቱ ግን ልክ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቅርፊቱ ለሁለት ተከፈለ። የወጣችው ጫጩት ርጥብ ናት፣ ላባዋ እንደ አባቷ ነጭ ነው፣ አንገቷ ግን ከደረቷ እስከ ጭንቅላቷ መላጣ ነው። ወንድሜ በሁለት እጁ አንስቶ ቀሚሴ ላይ አስቀመጣት። ስድስቱ ሳይወጡ ቀሩ።

ሻምበል የኮሪደሩ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ማንም ምንም አልነገረውም።