የቀያሹ ላፕቶፕ

ሴትዮዋ ጫማዋን እንኳ ከጭቃው ሳትጠርግ "ጋሽ ከፈለኝ! ጋሽዬ!" እያለች ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ፣ ንፍሮ ይቅሙ የነበሩት ሴቶች እጃቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ከዘመዶቹ መካከል እንኳ እንደዚያ ያለቀሰ አልነበረም።

የሟቹ ሚስት ጽጌሬዳ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ቀና አለች። የታያት ጥቁር ሻርፕ የተከናነበ ረዘም ያለ ጥላ ብቻ ነው።

"ማን ናት?" አለች፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው እህቷ ወደ ጥሩነሽ ዘንበል ብላ።

"ያቺ ናታ!" አለች ጥሩነሽ በሹክሹክታ። "በሩ ላይ ለዕድሩ ሰዎች ስትናገር ሰምቻታለሁ። ሁስና ነኝ፣ ከቴፒ ነው የመጣሁት አለች። ስልኩ ላይ ስትደውል የነበረችው እኮ ናት፣ እቴቴ። እኔ አይደለሁ ያነበብኩልሽ?"

ጽጌሬዳ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ባሏ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቴፒ መመላለስ አብዝቶ ነበር። ጠዋት በሚኒባስ ይሄድና ማታ ዝናብ መትቶት ይመለሳል። "ቴፒ ምን አለህ?" ስትለው "የኮምፒውተር ሲስተም ላወርድ ሄጄ ነው፤ ኢንተርኔቱ እዚያ ይፈጥናል" ይላታል። እነሱ በሚኖሩባት ሚዛን ከተማ ኢንተርኔት የጠፋ ይመስል! አንድ ቀን ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲጮህ ጥሩነሽ አንስታ "ሁስና ቴፒ ይላል" ብላ አነበበች። ከፈለኝ ቀልጠፍ ብሎ ተቀበላትና ወደ ጓሮ ወጣ። ጽጌሬዳ ያን ቀን አልጠየቀችውም፤ ከዚያም በኋላ አልጠየቀችውም። ሐሙስ ዕለት ገበያ መካከል ልቡ ቆሞ ሲወድቅ ጥያቄው ሆዷ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ከፈለኝ ዕድሜውን በቀያሽነት የጨረሰ ሰው ነው። ከማጂ ተራሮች እስከ ጌጫ ያልለካው መንገድ የለም። የመጨረሻው መንገድ ሥራ ሲያልቅ የሥራ ተቋራጩ መስክ ላይ ሲሠራበት የኖረውን ላፕቶፕ መርቆ ሰጠው። እጀታ አለው፣ ማዕዘኖቹ በጎማ ተለብጠዋል፣ ሲያነሱት ድንጋይ ነው። ማጂ ላይ ከበቅሎ ወድቆ ጭቃ ውስጥ አድሮ፣ በማግስቱ ጠርገው ሲከፍቱት በርቷል። ከፈለኝ ይህን ታሪክ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራል።

ግን ማሽኑ አርጅቶ ነበር። አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም አቃተው። "ጣለው" ያለው ሰው ብዙ ነው። እሱ ግን አንድ ነገር ሰማ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች በነጻ ሠርተው የሚያድሉት፣ ማንም ወስዶ የሚጭነው፣ የሚያባዛው፣ እንደፈለገ የሚለውጠው፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም መኖሩን። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። አንዱን በፍላሽ ይጭናል፣ ጥቂት ቀን ይሞክረዋል፣ ያጠፋውና ሌላ ይጭናል።

"ይሄ ኡቡንቱ ይባላል፣ ጽጌ። ለሽማግሌው ግን ከበደው። ይሄኛው ሚንት ነው፤ ቀለል ይላል።"

"ሽማግሌው ማን ነው?"

"ላፕቶፑ ነዋ! እኔን መሰልኩሽ?"

"ጥሩ ከሆነ ታዲያ ለምን ታጠፋዋለህ?"

"ሁሉም ጥሩ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላቸዋል።"

ምን እንደሚጎድላቸው አልጠየቀችውም። እሷም ከፊቱ መጽሐፍ ከፍታ ተቀምጣ የራሷን ምስጢር ትጠብቅ ነበርና። የዓይን ግፊቱ ፊደልን ከወሰደባት ቆይቷል። ዕድሜዋን ሙሉ አማርኛ ያስተማረች ሴት ማንበብ አልችልም ማለት ሞት መሰላት። ስለዚህ መጽሐፉን ትከፍታለች፣ አንድ ገጽ የሚያስነብብ ጊዜ ያለፈ ሲመስላት ትገልጣለች። ከፈለኝ "እንዴት ነው መጽሐፉ?" ይላታል። "ደህና ነው" ትለዋለች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ለቀስተኛው ሳሳ። ሁስና ግን አልሄደችም። ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ተነሥታ መጣችና ጽጌሬዳ ፊት በርከክ አለች።

"እትዬ፣ ፈጣሪ ያጥናዎት። እባክዎ... የጋሽ ከፈለኝ ማሽን የት ነው ያለው?"

ጥሩነሽ ተስፈንጥራ ተነሣች። "ሰውየው ሠልስቱ እንኳ ሳይወጣ ንብረት ልትወስጂ መጣሽ?"

"ተያት፣ ጥሩነሽ" አለች ጽጌሬዳ። ክንዷን ለሁስና ዘረጋችላት። "ደግፊኝ። ወደ ውስጥ እንግባ።"

ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጽጌሬዳ አልተቀመጠችም።

"ከባሌ ጋር ምን ነበራችሁ?"

ሁስና ደነገጠች። "አስተግፊሩላህ! እትዬ፣ እሳቸው እኮ አባቴ ናቸው። ቴፒ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ኮምፒውተሬ ሞቶ ሱቄን ልዘጋ ስል በነጻ ሲስተም ጭነው ያስነሡልኝ እሳቸው ናቸው። ወንድሜ ሬድዋን ደግሞ ዓይነ ስውር ነው። ኮምፒውተር ጽሑፉን በድምፅ እያነበበለት ነው የሚሠራው። ጋሽዬ ያን ቀን ይሄንን ሲያዩ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። እስከ ማታ አልተነሡም።"

"ለምን?"

ሁስና የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

"ለምን እኮ ነው የምልሽ፣ ልጄ?"

"አማርኛ የሚያነብ ሲስተም ፈልገው ነበር። ይሄ አሮጌ ማሽን የሚችለው። አንዱን ይዘው ይመጣሉ፤ ወይ ድምፁ አይወጣም፣ ወይ ፊደሉን አያውቀውም፣ ወይ ማሽኑ ይቆማል። እንደገና ከሬድዋን ጋር ሌላ ይሞክራሉ። ስልክም ያነባል እኮ ስላቸው፣ 'እሷ ስልክ አትወድም፤ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ከፍታ መቀመጥ ነው የለመደችው' አሉኝ።"

ጽጌሬዳ የአልጋውን ጫፍ በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

"ያውቅ ነበር?"

"እርስዎ መጽሐፉን ዘቅዝቀው ይዘው ጋሽዬ አዩዎት፣ እትዬ። አንድ ቀን። ምንም ሳይሉ ወጥተው ጓሮ ቆሙ። ለእኔ ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።"

"በነገረኝ..." አለች ጽጌሬዳ።

"ካለቀ እኮ ቆይቷል። ማሽኑ ማንበብ ከጀመረ። እንዴት ብለው እንደሚነግሩዎት ነበር የጨነቃቸው። 'አውቃለሁ ብላት ትዋረድብኛለች' ይሉኛል። ሲደውሉልኝ ሁሌ 'ዛሬም አልነገርኳትም' ነበር የሚሉኝ። ሳይነግሩዎት እንደሄዱ ስለገባኝ ነው የመጣሁት። ማሽኑን ሰው ሳያውቅ እንዳይሰጠው፣ እንዳይጥለው ብዬ።"

ከውጭ የወንበር መነሣት ይሰማል። የዕድሩ ሰዎች ዝናብ ያራሰውን ሸራ እያራገፉ ነው።

"ክፈቺው" አለች ጽጌሬዳ።

ሁስና ክዳኑን አነሣች። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ቆየ፣ ከዚያ በራ። ሁስና ጣቷን ቁልፎቹ ላይ እንዳሳረፈች ጠየቀች፤ "ምን ልጻፍልዎት?"

"ስሙን ጻፊ።"

ሁስና ጻፈች። አንድ ደረቅ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ድምፅ ስሙን ጠራው። ግን 'ፈ'ን አላላው። የማያውቀውን ሰው ስም ከወረቀት ላይ እንደሚለቅም ሰው ዝም ብሎ አለፈው።

"ይቅርታ፣ እትዬ" አለች ሁስና ተሽኮርምማ። "የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም።"

ጽጌሬዳ ወንበሩን በእጇ ዳበሰችና ስባ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አደረገች። ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ተማሪ እንደምትናገር ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለች።

"ከፈለኝ" አለች፣ የታች ከንፈሯን በጥርሷ ያዝ አድርጋ 'ፈ'ን እያጠበቀች። "አጥብቀው። ከፈለኝ።"

ሁስና ቁልፉን እንደገና ነካችው። ማሽኑ እንደገና አላላው።

"አይደለም" አለች ጽጌሬዳ፣ እንባዋ በአገጯ ላይ እየወረደ። "ስማኝ። ከፈለኝ።"