የሄድቪግ ጥንስስ

በአሜሪካ መጠጥ በሕግ የታገደ ሰሞን በዊስኮንሲን መንደራችን እንደ አማቴ እንደ ሄድቪግ የተደሰተ ሰው አልነበረም።

«ተመስገን! ጎትሎብ ቅዳሜን ከእኔ ጋር ሊውል ነው» አለች።

ባሏ ጎትሎብ አብረውት ከጀርመን ከመጡ ጓደኞቹ ጋር ሠላሳ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በመንደሩ ቢራ አዳራሽ ሲዘፍን ኖሯል። አዳራሹ ሲዘጋ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ቡና እየጠጡ ለመዝፈን ሞከሩ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ያዛጋል። ከሦስት ቅዳሜ በኋላ የመጣ የለም። ጎትሎብም መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ዝም አለ።

ሄድቪግ ዝምታውን አንድ ወር ቻለችው። ከዚያ የልብስ መቀቀያውን ትልቅ ድስት ፈትጋ አጠበችና በብቅል ቢራ ጠነሰሰች።

«እማማ፣ ሕጉስ?» አልኳት።

«ሕጉን ያወጡት ሰዎች ከዚህ ሰውዬ ጋር ቤት ውለው አያውቁም!»

ቢራው ሲደርስ ሽማግሌዎቹን ራሷ ጠራቻቸው። ቀመሱና እርስ በርስ ተያዩ።

«ሄድቪግ፣ ይሄ ነገር ሳሙና ሳሙና አይልም?» አለ ጎትሎብ።

«ዝም ብለህ ጠጣና ዝፈን!»

ዘፈኑ። ድምፃቸው ሻክሮ ነበር፤ ቢሆንም መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ዘፈኑ። ጎትሎብ ፊቱን አጨማዶ ብርጭቆውን ጨለጠና እንደገና ዘረጋላት። እሷም እየሳቀች ሞላችለት።